በዴስፒና ጓሮ የወደቀው እንሰት

«ግሪክ እንዴት ነበር?» የሚለኝን ሰው ከዛሬ ጀምሮ በጥፊ ነው የምለው። ወልቂጤ ውስጥ ሰው ሥራ የለውም እንዴ? ገና የእንጨት ሥራ ቤቴን በር ሳልከፍት ባጃጅ ነጂው ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ «ጋሼ ወልዴ፣ ባሕሩ እንዴት ነው? ዋኙ ወይ?» ይለኛል። አልዋኘሁም። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።

እኔስ ወንድ ነኝ፣ እቆጣና አልፋለሁ። ባለቤቴ እቴነሽ ግን ከተመለስን ጀምሮ እስካለፈው እሑድ ድረስ ከግቢ ወጥታ አታውቅም ነበር። እሷ እኮ ቤት የምትውል ሴት አይደለችም! ልብስ ስፌት ቤቷ ገበያው አጠገብ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ናት። ለቅሶ ቢሉ፣ ሰርግ ቢሉ፣ አራስ ጥየቃ ቢሉ ከፊት የምትገኘው እሷ ናት። እንዲህ ያለችው ሴት መጋረጃ ዘግታ ተቀመጠች። ጎረቤታችን ከድጄ በር ላይ ትመጣና «ምነው ወልዴ፣ እቴነሽን ደበቅክብን?» ትለኝ ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ትንሽ አሟት ነው» እል ነበር። ምኗን ነው ያመማት? ሴትዮዋ አፍራ ነው። ያፈረችበትን ነገር ደግሞ በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከመስቀል በኋላ የልጃችን የማርታ ሰርግ እዚሁ ወልቂጤ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ሰው ተጠርቷል። የሙሽራው እናት ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? እኛን ያንጠለጠለን እሱ ነበር። ካልመጡ ሰው «ምነው?» ማለቱ አይቀርም። ምክንያቱን እኔና እቴነሽ እናውቀዋለን።

ከመነሻው ልጀምር፣ አለዚያ አይገባችሁም። ማርታ የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ አቴንስ ውስጥ ነርስ ናት። እዚያው ማኖሊስ ከሚባል የአምቡላንስ ሹፌር ጋር ተዋወቀች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው። ወደድኩት፣ አልዋሽም። ግን በእኛ ደንብ የወንዱ ወገን ነው ሽማግሌ ልኮ ደጅ የሚጠናው። ማርታ ደግሞ ደውላ እናንተ ኑ አለችን። የሴት ወገን ሻንጣ እየጎተተ ወንዱ ቤት ሲሄድ የት ታይቷል?

«አባዬ፣ ይሄ ሽምግልና አይደለም» አለችኝ። «ቫኬሽን ነው። የማኖሊስ እናት ደሴት ላይ ነው የሚኖሩት። ጸጥ ያለ አረንጓዴ ቦታ ነው። መጥታችሁ ታርፋላችሁ፣ ትተዋወቃላችሁ፣ በቃ።»

«ምን ሠርተን ነው የምናርፈው?» አልኳት።

አረቅጥ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ልጅቷን ራሳችሁ ተሸክማችሁ ልታስረክቡ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እቴነሽ ግን የወንድሜም ሳቅ፣ የእኔም ኩርፊያ አላስጨነቃትም። እሷን ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማታ ማታ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን በሰው አገር እንዳላሳፍራት» ትላለች። ሹካ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ማርታን ደውላ ጠየቀቻት። ቡታጅራ ያለችው እህቷ ቤዛ ጃንጥላ የሚያህል የጸሐይ ባርኔጣ ገዝታ ላከችላት፤ እሱንም መስታወት ፊት ስትለማመደው አይቻታለሁ።

ደሴቷ ውብ ናት፤ ሐቁን መደበቅ አልችልም። ስሟን ግን አፌ እስካሁን እምቢ ብሎታል። ከጀልባ ስንወርድ ተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ አረንጓዴ ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ የወይን ሐረግ፣ ሁሉም አለ። የተወለድንባትን ቸሃን ትመስላለች፤ ግን ጸጥታዋ ያስፈራል። ቸሃ ቢሆን በየአጥሩ ሥር «ደህና ዋላችሁ?» የሚል አይጠፋም። እዚያ ከምሳ በኋላ አገር በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ውሻውም ይተኛል። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ማኖሊስ በገዛልኝ ቁምጣ ውስጥ ጉልበቴን እያየሁ እውላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴን ይህን ያህል ጊዜ አይቼው አላውቅም።

የማኖሊስ እናት እትዬ ዴስፒና ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰፋ ያሉ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ አንድ ጉልበታቸው አብጧል። ገና ስንደርስ እቴነሽን አቅፈው አገላብጠው ሳሟት። ሰው እንግዳ ይቀበላል ካልን እንደሳቸው ነው። ዓሣ ቀረበ፣ አይብ ቀረበ፣ ሐብሐብ ቀረበ። ችግሩም እሱ ነው። እቴነሽ ሳህን ስታነሳ ይቀሟታል። መጥረጊያ ስትይዝ ይቀሟታል። «ቁጭ በይ! ቁጭ በይ!» ነው በየደቂቃው። እቴነሽ ትስቃለች፣ ትቀመጣለች፤ ማታ ግን ክፍላችን ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ እጆቿን ታያቸዋለች።

«ወልዴ፣ እኒህ ሴት አልወደዱኝም» አለችኝ።

«እንዴት አልወደዱሽም? ዓሣውን እሾሁን አውጥተው ነው ያጎረሱሽ!»

«ለእንግዳ ነዋ! ዘመድ ቢያደርጉኝ ኖሮ ሳህን ያሳጥቡኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። አንድ ነገር እንኳ አግዛ ከእኒያ ሴት ጋር ጎን ለጎን መቆም ነበር የፈለገችው። ልጇ የምትገባበት ቤት ነው። 

አንድ ቀን ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ስንዞር «ወልዴ! ናማ! ና እይ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ሄድኩ። እንሰት! እውነተኛ እንሰት፣ ግንዱ ሁለት እጅ የማያቅፈው፣ ኮባው ቀላ ያለ፣ ከጓሮው ጥግ ቆሟል። ፊት ለፊቱ አሮጌ የእንጨት ወንበር ተቀምጧል። እቴነሽ ግንዱን በመዳፏ እየመታች «አንቺ ደግሞ ማን አመጣሽ እዚህ?» እያለች እንባዋ መጣ። ከዚያ ቀና አለችና ፊቷ ተለወጠ። ከመሐሉ አበባው ወጥቶ አንገቱን ደፍቷል።

እንሰት ለማታውቁ ልንገራችሁ። እንሰት በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው፤ ጉልበቱን ሁሉ ለአበባው ሰጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ሳያብብ ነው የሚቆረጠው፤ ካበበም ሳይውል ሳያድር ካልተፋቀ ቆጮው ገለባ ይሆናል። እኛ ባደግንበት መንደር አብቦ የቆመ እንሰት በሰው ጓሮ ከታየ «ይህ ቤት ሴት የለውም?» ይባላል። ነውር ነው። የቤቲቱ ባለቤት ከታመመች ደግሞ ጎረቤትና አማች ተሰብስቦ፣ ሳትጠየቅ፣ ፍቆና ቀብሮ ይሄዳል። ሊያግዙ ሲገቡ ማስፈቀድ ራሱ ስድብ ነው፤ ጓዳሽ ጎድሏል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንደሩ ሰው መጣ። እንሰቱ ሥር እየቆመ፣ እያጨበጨበ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እትዬ ዴስፒና ከዘራቸውን ተደግፈው ፈገግ ብለው ቆመዋል። እቴነሽ አጠገቤ ቆማ በንዴት ነደደች።

«እያቸው! ጉድለታቸውን ፎቶ ያነሱባቸዋል! እሳቸው ደግሞ ምን ያድርጉ፣ ጉልበት የላቸው፣ ሴት ልጅ የላቸው። ስቀው ይችሉታል።»

ማርታን እንጠይቃት አልኩ። ማርታ ግን ከማኖሊስ ጋር ባሕር ላይ ናት። ሲመሽም ሳቅና ጨዋታ ሆነ፣ ነገሩ ተረሳ። ጠዋት ስንነሳ የእትዬ ዴስፒና ጉልበት ብሶ አድሯል። ማርታና ማኖሊስ ደግፈው፣ በጀልባ ትልቁ ደሴት ላይ ያለ ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው ሄዱ። «ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ዝም ብላችሁ እረፉ» አለችን ማርታ።

ጀልባው ከዓይናችን ሲጠፋ እቴነሽ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ተነሳች።

«ቆይ እስኪ፣ ይመለሱና…» አልኩ። እንዲያው ለወጉ ነው ያልኩት።

«ሲመለሱማ አልቆ ነው ማየት ያለባቸው። አማች አይደለሁ? የታመመች ሴት ጓሮ ገብቶ ማገዝ የእኔ ሥራ ነው። አንተ ደግሞ ጣልልኝና ዞር በል።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ነገር። እንሰት ሲፋቅ ወንድ አጠገቡ አይደርስም፣ መጣሉን ግን ያግዛል። እምቢ ማለት እችል ነበር። ወንበሩን አይቼዋለሁ፤ ሰው ፊቱ ወንበር አስቀምጦ የሚያየው ነገር ተራ ነገር እንዳልሆነ ልቤ ነግሮኛል። ግን በዚያ ሁሉ ቀን ቁምጣ ለብሼ ተጎልቼ ሰልችቶኛል። መሣሪያ ቤቱን ስከፍት የሟቹ የእትዬ ዴስፒና ባል መጋዝና አካፋ፣ ዘይት ተቀብተው፣ ተራ በተራ ተሰቅለዋል። የአናጢ ነገር፣ ጥሩ መጋዝ ሳይ ልቤ ይቀልጣል። አወረድኩት። ግንዱን እየዞርኩ ቆረጥኩ፣ ሥሩን በአካፋ ማስኩ፣ ገፋሁ። እንሰቱ ሲወድቅ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ያን ቀን እቴነሽን ብታዩዋት! ከአገር ከወጣን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም። የአጥር ጣውላ አጋድማ፣ ከእንጨት መፋቂያ ጠርቤ ሰጥቻት፣ እግሯን ዘርግታ መዝሙር እየዘመረች ፋቀች። ቡላውን በድስት አጠለለች። አምቾውን፣ የሚበላውን ሥሩን፣ ቀቅዬ ማታ አቀርብላቸዋለሁ ብላ ለይታ አስቀመጠች። እኔን ቆጮው ተቀብሮ የሚብላላበትን ጉድጓድ አስቆፍራኝ፣ ኮባ አነጠፈችበት። «ማርታ ታያለች እናቷን» አለችኝ፤ ላቧን በክንዷ ጠረገችና ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ነበርና ከቤቱ ጎን ወዳለው ቧንቧ ሄጄ ታጠብኩ። ክንዴን፣ እግሬን፣ ጥፍሬን ሳይቀር። ሸሚዝ ቀየርኩ። የማርታን ጩኸት የሰማሁት ያኔ ነው።

ዞሬ ስመጣ እቴነሽ ቢላ ይዛ፣ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ቆማለች፤ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልጠፋም። ማኖሊስ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። እትዬ ዴስፒና ያቺ አሮጌ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና የወደቀውን ያያሉ። አይጮሁም። አያለቅሱም። 

«እማዬ ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ!» አለች ማርታ። «ባላቸው ናቸው እኮ የተከሉት! መርከበኛ ነበሩ፤ ችግኙን ከሩቅ አገር አምጥተው ነው። አበባውን ሳያዩ ሞቱ። እኒህ እናት ይሄን ሁሉ ዓመት እሱን ነው የጠበቁት! ጌጥ ነው እማዬ፣ የሚበላ አይደለም! አዋረድሽኝ! በሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

የእቴነሽ እጅ ወረደ። ቢላው ሳሩ ላይ ወደቀ። እኔን ፈልጋ ዞረች፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ የቤቱ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ የጣልኩት» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ማኖሊስ ግን መጣና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፤ «አይዞህ» እንደማለት። እንደ ራሱ የተበደልኩ ሰው አደረገኝ። እኔም ዝም አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር፣ ግን መሬት መቼ ትሰነጠቃለች፤ ቆምኩ፣ በቃ።

እትዬ ዴስፒና ከወንበሩ ተነስተው እቴነሽን ጉንጯን ዳበሱና አንድ ነገር አሉ። ማርታ አንገቷን ደፍታ «‘ግድ የለም፣ ተክል ነው’ ይላሉ» ብላ አስተረጎመች።

ግድ የለም! ሰው በዚህ ቃል ይገደላል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? በቀሩት ቀናት ሁሉ ግድ የለም ነበር። ዓሣው ይቀርባል፣ ሐብሐቡ ይቀርባል፣ ፈገግታው ይቀርባል። ጥፋት እንዳጠፋ ሕፃን ነው የሚይዟት። አምቾው ባልዲ ውስጥ ተጥሎ አየነው። ጉድጓዱን ማኖሊስ ዝም ብሎ ደፈነው። ማርታ ለእናቷ መልስ የምትሰጠው በአንድ ቃል ሆነ። እኔን ግን «አባዬ፣ ሎሚ ውሃ ላምጣልህ?» ትለኛለች። እኔም እጠጣዋለሁ።

እቴነሽ ማታ ማታ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። «ንገራቸው» ብትለኝ ኖሮ እናገር ይሆን ነበር እላለሁ ለራሴ። አላለችኝም። ልንመጣ ስንል፣ በጌታ ከሆንን ወዲህ የተውነውን የአባቶቻችንን ደንብ አስታወሰች። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስታ፣ ማጅራቷ ላይ ጭና፣ እትዬ ዴስፒና በር ላይ ተንበረከከች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። እሳቸው ምን ያውቃሉ? ጮኸው ማኖሊስን ጠሩ። ልጁ ሮጦ ድንጋዩን ከላይዋ አነሳና አቅፎ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ማርታ ነርስ አይደለች፣ የልብ ትርታዋን ያዘች። እቴነሽ ያበደች መሰላቸው። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁ። መጋረጃውን ዘጋሁት።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው ወልቂጤ የገባነው። ሰው «ግሪክ እንዴት ነበር?» ሲል ለምን ደሜ እንደሚፈላ ገባችሁ?

ያለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ተመልሼ ቁጭ እንዳልኩ ማርታ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷን ሳይ ነገሩ ገባኝ።

«አባዬ፣ የማኖሊስ እናት ለሰርጉ አይመጡም። ጉልበታቸው…»

«ጉልበታቸው ነው?»

ዓይኗን አሸሸች። እቴነሽ ከመኝታ ቤት ወጥታ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ማርታ፣ እሳቸው የት ናቸው?» አለች።

«እዚሁ ናቸው፤ ደሴቱ ላይ ነን። እማዬ፣ እባክሽ አሁን…»

«አቅርቢያቸው።»

ስልኩን እኔ ያዝኩላት። ስልኩ ወደ እሷ ዞሯል፤ እኔ ከስልኩ በስተጀርባ ነኝ። እትዬ ዴስፒና መጡ፣ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን አወዛወዙ። ያችው የእንግዳ ፈገግታ።

«እትዬ ዴስፒና፣ ከእንግዲህ ግድ የለም አይበሉኝ» አለች እቴነሽ። «ግድ አለው። ግድ የለም የሚባለው ለመንገደኛ ነው። እኔ ልጄን ነው የምሰጥዎት። ዘመድ ካጠፋ ይቆጡታል፣ ይሰድቡታል። ይስደቡኝ። ከዚያ አልመጣም ካሉ ይቅሩ።»

«እማዬ፣ ይሄን አላስተረጉምም» አለች ማርታ።

«ታስተረጉሚያለሽ!»

አስተረጎመች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። እትዬ ዴስፒና ፈገግታቸው እንዳለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ።  መናገር ሲጀምሩም በለሆሳስ ነበር። ማርታ «በጣም እንዳዘኑ ይናገራሉ» አለች። እሳቸው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«አሳምረሽ አትንገሪያት፣ እንዳለ ንገሪያት ይሉኛል» አለች ማርታ። ማልቀስ ጀምራለች። «‘አንቺ’ ነው የሚሉት እማዬ፣ ይቅርታ። ‘አንቺ ማን ነሽ? ቤቴ አስተኛሁሽ፣ ዳቦዬን በላሽ። ባሌ ያንን ተክል ከመርከብ ሲያወርደው ጣቴን አያክልም ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዛሬ ይህን ያህል ተከፈተ እያልኩ እነግረው ነበር። አሁን ምን ልንገረው? ያንን ጥግ ማየት አልችልም። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። በገዛ መጋዙ! በገዛ መጋዙ ነው የቆረጣችሁት! አንቺ ደደብ ሴትዮ! ልቤን ነው የቆረጥሽው!’»

እሳቸው እየጮሁ ነው፤ የስልኩ ድምፅ ይሰነጠቃል። እቴነሽ ቀጥ ብላ ቆማ እያንዳንዱን ቃል ተቀበለች። «አዎ እትዬ። አዎ። እውነትዎን ነው» ትላለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ከተመለስን ወዲህ ያልነበረ ነፍስ ፊቷ ላይ አየሁ። እሳቸውም እያለቀሱ ነው።

ከዚያ ቆም አሉና አንድ ነገር ጠየቁ። ማርታ አፍንጫዋን ጠረገች።

«‘ያን የሚያህል ግንድ ሴት ብቻዋን አትጥለውም። ማን ነው የጣለው?’ ይላሉ።»

«እኔ ነኝ» አለች እቴነሽ፣ ማርታ ሳትጨርስ። ወደ እኔ ዓይኗን እንኳ አላዞረችም። «እኔው ነኝ። ብቻዬን።»

እኔ ስልኩን ይዣለሁ።  እዚያ ደሴት ላይ ዝም ማለቴን በድንጋጤ አሳብቤ ነበር። አሁን ምን ላሳብብ? ሳሎኔ ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ፣ ሚስቴ ፊት ለፊቴ ቆማ የእኔን ስድብ ትሰደብልኛለች፤ እኔ ደግሞ መብራት እንደሚያበራ ሰው ስልክ ይዤላታለሁ። ራሴን ተጸየፍኩት። እንዲህ አድርጌ ራሴን ተጸይፌው አላውቅም።

ስልኩን ወደ ፊቴ አዞርኩት።

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኩ። «መጋዙንም ያወረድኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን አይቼ ነበር፣ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ ቆረጥኩት። ስትመጡ ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ቆሜ ነበር። ንገሪያቸው፣ ማርታ።»

ማርታ አልነገረቻቸውም። እኔን ታየኛለች። ይህቺ ልጅ ሕፃን ሆና ጣውላ ላይ አስቀምጫት ስሠራ እጄን የምታይ ነበረች።

«አባዬ፣ እማዬ ላይ ስጮህባት እዚያ ቆመህ ነበር እኮ።»

«ቆሜ ነበር።»

«ሎሚ ውሃ አመጣሁልህ።»

«ጠጣሁት።»

«እሷን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ… አናገርኳት እንኳ?» አለችና አፏን ያዘች። ከዚያ ዞራ በእነሱ ቋንቋ ጥቂት ቃል ተናገረች። እትዬ ዴስፒና ወደ ስልኩ ተጠጉ። ስክሪኑን ዓይናቸው ሞላው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዓይኔን ላነሳ ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። በመጨረሻ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩና ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

«ምን አሉ?» አለች እቴነሽ።

«እመጣለሁ ብለዋል» አለች ማርታ። «እማዬ፣ እሷ ጋ ነው የማርፈው፣ ከእሷ ጋር ወጥ ቤት እገባለሁ ብለዋል።» ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። «አባዬ፣ አንተን ግን… እጁን አልጨብጥም ብለዋል። አሁንም፣ ሰርጉም ላይ።»

«ልክ ናቸው» አልኩ።

«አሁን እማዬን ስጠኝ። ስልኩን ስጣትና ውጣ፣ አባዬ።»

ልጄ ከቤቴ ስታስወጣኝ የመጀመሪያዋ ነው። ወጣሁ። በረንዳ ላይ ቆሜ ማርታ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» እያለች ስታለቅስ ሰማሁ፤ እቴነሽም «ተይ አንቺ ልጅ፣ ተይ» ትላታለች። ሲጨርሱ እቴነሽ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በአጠገቤ አልፋ የግቢውን በር ከፈተችና «ከድጄ! ኧረ ከድጄ! አለሽ?» ብላ ተጣራች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ አትየኝ፣ አልፈርድባትም።

ሰርጉ ላይ ወልቂጤ በሙሉ ይመጣል። ወንድሜ ከአረቅጥ፣ ቤዛ ከቡታጅራ፣ የኅብረቱ ሴቶች፣ ፓስተሩ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ። የሙሽራው እናት የሙሽሪትን አባት ሰላም ሳይሉት ሲያልፉ ሁሉም ያያል። ማርታ በኋላ ስትደውል «ከፈለግህ ወደ ኋላ ረድፍ ላስቀምጥህ፣ ሰው አያስተውልም» አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። በሩ ላይ ነው የምቆመው። እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ፤ እሳቸውም አይጨብጡኝም።